የጥላ ዕዳ በችግኝ ቁጥር አይከፈልም

መንገድ ሲሰፋ ከቦታው የሚነሣ ነገር ሁሉ ጠያቂ አለው። የመብራት ምሰሶው ባለቤት አለው፤ ይነሣና ጥቂት ሜትር ፈቀቅ ብሎ እንደገና ይቆማል። የውኃ ቧንቧውም የስልክ መስመሩም ባለቤት አላቸው፤ ደብዳቤ ይጻጻፋሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ በመጨረሻ ይዛወራሉ። አጥሩ የተነካበት ሰው ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ይከራከራል፤ «አነሰኝ» ብሎ አቤት ይላል፤ ቢዘገይም ካሳ የሚባል ነገር እጁ ይገባል። «ወሰን ማስከበር» የምንለው ሥራ እንግዲህ ይኸው ነው።

ዛፉ ብቻ ነው ጠያቂ የሌለው። ጠዋት ዶዘር ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ግንዱ አይሱዙ ላይ ተጭኗል። ማታ ማገዶ ነው። በማግስቱ ከሥሩ ቡና ታፈላ የነበረችው እህታችን ጀበናዋን ይዛ ሌላ ጥግ ትፈልጋለች። ባጃጁም ወረፋውን ፀሐይ ላይ ይጠብቃል። ማንም ማንንም ይቅርታ አይጠይቅም። ልማት ነዋ!

የዛሬ ጽሑፋችን ስለዚህ ነው። ከወዲሁ እንነጋገር፦ መንገድ አይሥፋ አላልንም። እኛም መኪና እንሳፈራለን፤ እኛም ጎማችን ጉድጓድ ገብቶ ይፈነዳል። የምንለው አንድ ነገር ነው። በመንገድ ማስፋፊያ የሚጠፋ ዛፍ ለዚያ መንገድ፣ ለዚያ ሰፈር፣ ለዚያ እግረኛ ዕዳ ነው። ዕዳውም በጥላ ይከፈል እንጂ በችግኝ ቁጥር፣ በሣርና በአበባ አይከፈል።

ፀሐይ የሚሸሽበት አገር

ቆቦን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ከወልድያ ወደ ሰሜን ወደ አላማጣ ሲነዱ የምትገኝ ከተማ ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ የግዳን ደጋ፣ መሃል ላይ ማሽላና ጤፍ የሚዘናፈልበት ሰፊው የራያ ሜዳ። ከፍታው ወደ 1,500 ሜትር ግድም ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ አድርጎ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ቆቦን መሃል ለመሃል ሰንጥቋት ያልፋል።

ካርታ ላይ ይህ አንድ ቀይ መስመር ነው። ለቆቦ ሰው ግን ዋና ጎዳናው ማለት መናኸሪያው፣ ሱቁ፣ ሽንኩርትና ማንጎ የሚቸረቸርበት ዳር፣ ተማሪ ወደ ቤቱ የሚመለስበት መንገድ፣ አዝማድ የሚሸኝበት ቦታ ነው። ከተማዋ የምትኖረው መንገዱ ዳር ነው።

ደሴ ላይ ሰው ፀሐይ ሊሞቅ ደጅ ይወጣል። ቆቦ ላይ ሰው ሙቀት ሊሸሽ ደጅ ይወጣል፤ ቤቱ ቆርቆሮ ነውና። የሚወጣውም ዛፍ ሥር ነው። ስለዚህ በቆቦ ዛፍ ጌጥ አይደለም። ዛፍ ጣሪያ ነው፣ ሳሎን ነው፣ የአውቶቡስ መጠበቂያ ነው። በራያ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ደም የሚያደርቁት፣ የተጣላ የሚያስታርቁት የት ሆነ? ዛፍ ሥር አይደለም እንዴ? የስብሰባ አዳራሽ ሳይሠራ ያገለገለን አዳራሽ እኮ ነው።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚለው፣ በቀትር ፀሐይ ጊዜ ዛፍ ያጠላበት ወለል ካልተጠለለው በ11 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ይህን ለቆቦ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የነገርነው ለመሐንዲሱ ነው።

ለመቁረጥ ይከፈላል፤ ለማቆም ግን…

ዛፍ ለምን በቀላሉ እንደሚወድቅ ለማወቅ ክፉ ሰው መፈለግ አያስፈልግም። የውሉን አሠራር ማየት ይበቃል።

በመንገድ ሥራ ውል ውስጥ ሥራው ሁሉ በዝርዝር ተተምኖ ይቀመጣል። መጀመሪያ ከሚመጡት አንዱ የመንገዱን ክልል መመንጠር ነው፦ ቁጥቋጦ ማንሣት፣ ዛፍ መቁረጥ፣ ጉቶ መንቀል። ተቋራጩ ለዚህ ይከፈለዋል። በአንጻሩ ዛፍ መትከል ውል ውስጥ ቢገባ እንኳ ቦታው መጨረሻ ላይ ነው፤ አስፋልቱ ከፈሰሰ፣ ቀለሙ ከተቀባ በኋላ። በዚያን ጊዜ ደግሞ ጊዜው አልፏል፣ ገንዘቡ ሳስቷል፣ የምረቃው ሪባን ተዘጋጅቷል። ስለዚህ ለምረቃ የሚደርስ ነገር ይፈለጋል፤ ሣርና አበባ በሁለት ወር ይደርሳሉ። ግራር ግን ለምረቃ አይደርስም!

ሌላም አለ። ርክክብ ከተፈጸመ በኋላ ተቋራጩ ጉድለት እንዲያስተካክል የሚገደድበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው። አስፋልት በአንድ ዓመት ውስጥ መጥፎነቱ ሊታወቅ ይችላል። በቆላ የተተከለ ችግኝ ግን በራሱ ለመቆም ቢያንስ ሦስት በጋ ውኃ የሚያጠጣው ሰው ይፈልጋል። ታዲያ በሁለተኛው በጋ ሲደርቅ ማን ይጠየቃል? ተቋራጩ ሄዷል። አማካሪው ሌላ ፕሮጀክት ላይ ነው። አውራ ጎዳናው የፌዴራል ነው፤ የእግረኛ መንገዱ የማዘጋጃ ቤት ነው፤ ችግኙ የማንም ነው።

ሕጉስ? በካሳ ሕጋችን፣ በአዋጅ ቁጥር 455/1997ም ሆነ እሱን በተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011፣ ካሳ የሚከፈለው ለባለይዞታ ነው፤ በይዞታው ላይ ላፈራው ንብረት። በግቢዬ ውስጥ ያለው ማንጎ ዋጋ አለው። ከአጥሬ ውጭ ያለው፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያርፍበት ኒም ግን ባለይዞታ የለውምና ዋጋው ዜሮ ነው። የአንድ ሰው የሆነው ይካሳል፤ የሁላችንም የሆነው በነጻ ይወድቃል። ይህን አመክንዮ ስንት ጊዜ ደጋግመን ብናነበው ሊገባን አልቻለም።

በ1995 ዓ.ም. የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ወጥቷል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጠናል። በአንቀጽ 92 ደግሞ በአካባቢ ላይ የሚወጠን ፕሮጀክት በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ወረቀት አልጎደለንም። የጎደለን ዛፉ ሥር የሚቀመጠውን ሰው ዶዘሩ ከመምጣቱ በፊት የሚያነጋግር ነው።

ከሸገር የምንማረው

«ገና ያልመጣ ነገር ምን ያስለቅሳችኋል?» ለሚሉን፣ መጥቶ ያየነውን እናስታውሳቸው። አዲስ አበባ በሃያ ዓመት ውስጥ መንገዶቿን ደጋግማ አፍርሳ ሠርታለች። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በብዙ ቦታ የመንገድ መሃል አካፋዮችን ይዞ አለፈ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኮሪደር ልማት መጣ፤ ከፒያሳ ጀምሮ ሠፈር እየቀየረ ቀጠለ።

ኮሪደሩ ያመጣውን አንክድም። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ የብስክሌት መሥመር ታይቷል፣ ማታ ማታ መብራቱ ያምራል። ፎቶም ያስነሣል። ነገር ግን እስቲ በቀትር ሂዱበት። ሣሩ አረንጓዴ ነው፤ መቀመጫው ንጹሕ ነው፤ ዘንባባው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጥላው ግን የራሱን ግንድ እንኳ አይሸፍንም። አላፊ አግዳሚው የሕንፃ ጥግ ጥግ ይዞ ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ቢቻል ይቻላል፤ ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ነፋሷ ይክሳል።

አሁን ይኸው ኮሪደር ወደ ክልል ከተሞች ወጥቷል። ጎንደርም ባሕር ዳርም ደርሷል። ሥጋታችን እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር አንድ ነገር አዲስ አበባ ላይ ከተሠራ ያው ሥዕል፣ ያው ቀለም፣ ያው ዘንባባ በየከተማው ይገለበጣል። የቆቦ ተራ ሲደርስ፣ ከአዲስ አበባ 800 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ለተቀመጠች ቆላማ ከተማ የደጋ ንድፍ ይዞ የሚመጣ ሰው እንዳይኖር ከአሁኑ መጮኽ አለብን። ሣር በቆላ ውኃ ይጠጣል እንጂ አያጠልልም። አበባ ያምራል፤ ነገር ግን ልጅ ያዘለች እናት አበባ ሥር አትቆምም።

«ስንት ተተከለ?»

«ዛፍማ እየተተከለ ነው!» ይሉናል። እውነት ነው። አረንጓዴ ዐሻራ በ2011 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። በሐምሌ 2015 ደግሞ ዕቅዱ በአንድ ቀን 500 ሚሊዮን ሆነ። ተራራ ይልበስ፣ ጎርፍ ይገታ፤ እሰየው። ቆቦ ከተራራ የሚወርድ ጎርፍ ምን እንደሚያደርግ የምታውቅ ከተማ ናትና በዚህ አንቀልድም።

ግን ተራራ ላይ የተተከለ ችግኝ የመንገድ ዳር ዛፍ ምትክ አይደለም። ሂሳቡን እንሥራው። ቅርንጫፉ ከዳር እስከ ዳር 10 ሜትር የሚሰፋ አንድ ግራር በቀትር ወደ 78 ካሬ ሜትር ጥላ ይጥላል። ቅጠሉ ከዳር እስከ ዳር 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ችግኝ ደግሞ 0.07 ካሬ ሜትር ግድም። የአንዱን ግራር ጥላ ለመተካት ከ1,100 በላይ ችግኝ ጎን ለጎን መደርደር አለብን፤ እሱም ቁርጭምጭሚታችንን ነው የሚያጠልልልን። «አንድ ቆርጠን ዐሥር ተከልን» የሚለው መፈክር እንግዲህ በዚህ ሚዛን ይመዘን። ዐሥሩም ቢጸድቁ ዕዳው የሚከፈለው ከዓመታት በኋላ ነው። የጸደቁት ደግሞ ዞብል ላይ ከሆኑ ለባጃጅ ነጂው ምንም አልተከፈለውም።

እኛ ጋዜጠኝነት የተማርን ልጆችም ከዚህ ወቀሳ አናመልጥም። ሙያችን ክረምት ሲመጣ «ስንት ተተከለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቁጥሩን በትልቁ ይጽፋል። በሚያዝያ ሐሩር ተመልሶ «ስንት ቆመ?» የሚል ዘገባ ግን ስንቱን አነበባችሁ? ሚኒስትር ሲተክል ካሜራ አለ። የሰፈር ልጅ በጀሪካን ሲያጠጣ ካሜራ የለም። ዛፍ የሚያደርገው ግን ሁለተኛው ነው።

የሚመልሱልን መልስ

መጀመሪያ «ዛፍ አደጋ ያመጣል፤ መኪና ይጋጨዋል» ይባላል። በገጠሩ ክፍል በፍጥነት ለሚነዳበት መንገድ እንቀበል፤ ዛፉ ይራቅ። ከተማ ውስጥ ግን መንገዱ ፍጥነት እንዲቀንስ ነው የሚፈለገው። ከውኃ መውረጃው ቦይ ወዲያ፣ የእግረኛው መንገድ ላይ የቆመ ዛፍ ማንን ገጨ?

ቀጥሎ «ውኃ የለም» ይላሉ። በራያ ሜዳ? የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ከከርሰ ምድር ውኃ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም በሚያለማበት አገር? ለመንገድ ሥራ አፈር ለማርጠብ ቦቴ ሙሉ ውኃ በየቀኑ እየተረጨ ለሁለት መቶ ዛፍ ውኃ ጠፋ ማለት ያሳፍራል።

«ፍየል ይበላዋል፣ ሰው ይቆርጠዋል» የሚሉም አሉ። ይበላል፣ ይቆረጣልም፤ ባለቤት የሌለው ነገር ሁሉ እንዲያ ነው። ሱቅ ፊት ለፊት የቆመ፣ ባለሱቁ «የኔ» የሚለው ዛፍ ግን ሲበላ አላየንም።

የመጨረሻው ይከብዳል፦ «ሰው እየሞተ ስለ ዛፍ ታወራላችሁ?» ይህንን በቀላሉ አናልፈውም። ቆቦ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ደጋግማ የጦርነት ሜዳ ሆናለች። መብራት በጠፋበት፣ መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ዛፍ ወደ ምድጃ ገብቷል፤ የገባበትን እናት የሚወቅስ ሰው ካለ እሱ ረሃብ አያውቅም። ነገር ግን ልብ በሉ፦ ከጦርነት በኋላ የሚመጣው መልሶ ግንባታ ነው። መልሶ ግንባታ ደግሞ በጥድፊያ ነው የሚመጣው፤ «ቶሎ ይለቅ» እየተባለ። በጥድፊያ የሚወሰን ነገር ለሠላሳ ዓመት ይኖራል። ያን ጊዜ «ቀስ» ቢባል የሚሰማ አይኖርም። አሁን ነው መናገር። ደግሞስ ሰው የሚባለው ማን ነው? ዕርዳታ ለመቀበል፣ መታወቂያ ለማውጣት፣ መኪና ለመጠበቅ ፀሐይ ላይ የሚሰለፈው እሱ ራሱ አይደለም እንዴ?

ያደረጉት አሉ

የምንጠይቀው ጨረቃን አይደለም። ከእኛው አገር ድሬዳዋን እንይ። ባቡር ሲደርስ በ1890ዎቹ የተቆረቆረች ሞቃት ከተማ ናት፤ ከቆቦም ዝቅ ትላለች። የከዚራን ጎዳናዎች የሄደባቸው ያውቃል፤ ዛፎቹ ከላይ ተቃቅፈው መንገዱን ጣሪያ አልብሰውታል። ያ የተፈጥሮ ስጦታ አይደለም፤ ሰው አስቦ በመሥመር የተከለው ነው። አበባው የሚያበራውን ዛፍ እስከ ዛሬ «የድሬዳዋ ዛፍ» ብለን መጥራታችን በከንቱ አይደለም።

ራቅ ስንል ሕንድ አለች። ንጉሥ አሾካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት፣ ለሰውና ለእንስሳት ጥላ እንዲሆን በመንገድ ዳር የዋርካ ዘመድ የሆነውን የባንያን ዛፍ ማስተከሉን በድንጋይ ዓምድ አስቀርጿል። ድል ያደረገበትን ጦርነት ሳይሆን የተከለውን ጥላ ቆጠረ! የዛሬዋ ሕንድም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው የአረንጓዴ አውራ ጎዳናዎች ፖሊሲ ከብሔራዊ መንገድ ፕሮጀክት ወጪ አንድ በመቶው ለተከላና ለእንክብካቤ እንዲቀመጥ ወስናለች።

ገንዘብ ብቻ ለሚቆጥር ደግሞ ሌላ እንጨምር። በካሊፎርኒያዋ ሞዴስቶ ከተማ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ዛፍ የሚያጠልላቸው ጎዳናዎች አስፋልታቸው በተሻለ ይዞታ እንደሚቆይና የጥገና ወጪ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ዛፉ እግረኛውን ብቻ ሳይሆን አስፋልቱንም ያስጠልላል ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ቆቦ ላይ፣ ሮቢት ላይ፣ አላማጣ ላይ፣ በዚህ መሥመር ባሉ የቆላ ከተሞች ሁሉ መንገድ ለማስፋት መለኪያ ገመድ ይዞ ለሚመጣ አካል አምስት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ዛፍ ይቆጠር። እያንዳንዱ ቁጥር ይሰጠው፣ ፎቶ ይነሣ፣ ጥላው በካሬ ሜትር ይለካ፣ ዝርዝሩ ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ይለጠፍ። ያልተቆጠረ ነገር መጥፋቱ አይታወቅም።

ሁለተኛ፣ መጀመሪያ ማዳን ይቅደም። ቦዩ አንድ ሜትር ቢታጠፍ የሚተርፍ ዛፍ ካለ ይታጠፍ። ለመብራት ምሰሶ የሚደረግ ትዕግሥት ለዛፍም ይደረግ።

ሦስተኛ፣ ተከላው ከቆረጣው ይቅደም። አንድ መንገድ ከጥናት እስከ ዶዘር ዓመታት ይፈጃል። ወሰኑ በታወቀ ክረምት ከአዲሱ ጠርዝ ወዲያ መትከል ቢጀመር፣ አሮጌው ሲወድቅ አዲሱ ቢያንስ ከሰው ቁመት በላይ ይሆናል። ምን እንደሚተከል ደግሞ የቆላው ሰው ይጠየቅ፤ ዋንዛ ይሁን ኒም፣ ወይስ የድሬዳዋ ዛፍ፣ የሚያጠልለውን እሱ ያውቃል። ዘንባባ ካልን ለማስታወሻ ሁለት ይበቃል።

አራተኛ፣ ክፍያው ለተተከለ ሳይሆን ለቆመ ይሁን። የሰፈሩ ወጣቶች ተደራጅተው ለሦስት ዓመት ያጠጡ፤ በየዓመቱ የቆመው ይቆጠር፤ በቆመው ልክ ይከፈላቸው። ከተቋራጩም ላይ ለዚሁ የሚሆን መያዣ ገንዘብ ይቆረጥ። ሥራ የለም ለሚባልበት ወጣት ይህ ሥራ ነው።

አምስተኛ፣ የሕንድን አንድ በመቶ እንዋስ። አስፋልትና ኮንክሪት ዘጠና ዘጠኙን ይውሰዱ፤ ጥላ አንዷን ይስጡት።

ለናንተ ለአንባቢዎቻችን ደግሞ የቤት ሥራ አለን። ይህን የምታነቡት አብዛኞቻችሁ ከተማ ናችሁ፤ ስልክ አላችሁ። በሰፈራችሁ መንገድ ዳር ያሉትን ዛፎች ዛሬውኑ ፎቶ አንሡ፤ ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት። ነገ «እዚህ ዛፍ አልነበረም» የሚል ሪፖርት ሲመጣ ማስረጃ ይሆናል። ቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ሂዱ፤ ስለ ካሳ ሲወራ እጃችሁን አውጡና «የዛፉስ?» በሉ። ይሥቁ ይሆናል። ይሣቁ። ሁለተኛው ሰው ሲደግመው ሣቁ ይቀንሳል፤ ዐሥረኛው ሲደግመው ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፋል።

የመብራት ምሰሶ ተነሥቶ ሳይተከል የማይቀረው ባለቤቱ ስለሚጠይቅ ነው። ዛፉም ከእንግዲህ ባለቤት ይኑረው። «የማነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ተዘጋጅቶ ይቆይ፦ የእኛ ነው።